ገመና ለመሸፈን የሚወጣው ወጪ

ደብዳቤው

"እንደምን ከረሙ? ዕድሜዬ 39 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለቤቴ በአሜሪካ ዕርዳታ ይንቀሳቀስ በነበረ ፕሮጀክት ውስጥ የፋይናንስ ባለሙያ ነበር። በየካቲት 2017 ፕሮጀክቱ ተዘጋና ከሥራ ወጣ። በእጁ ይገባ የነበረው 48 ሺህ ብር ነበር፤ ዛሬ ቤታችን የሚገባው የእኔ 13 ሺህ ብቻ ነው። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህቴ አልፎ አልፎ 10 ሺህ ብር ትልክልኛለች። በባንክ የቀረን 65 ሺህ ብር ነው።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ በ16 ሺህ ብር ተከራይተን እንኖራለን። ውሉ ባለፈው ዓመት በወረዳ የተመዘገበ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ 12ኛ፣ 7ኛ እና 2ኛ ክፍል ናቸው። ሦስቱም የግል ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ለትልቁ 6 ሺህ፣ ለመካከለኛዋ 5 ሺህ፣ ለትንሹ 4 ሺህ 500 ብር በየወሩ እንከፍላለን። በወር 6 ሺህ ብር የምንጥልበት ዕቁብ አለን፤ ባለቤቴ ሥራ ላይ እያለ ስለበላነው እስከ ሰኔ መጣል አለብን። አድአ ገጠር ለሚኖሩት አማቴ በወር 3 ሺህ ብር እንልካለን። አከራያችን ደግሞ ከጥር ጀምሮ 22 ሺህ አድርጉ፣ የስድስት ወሩንም በአንድ ጊዜ ክፈሉ እያሉ ነው።

ባለቤቴ ሥራ መፍታቱን ለእናቱም ለወንድሞቹም አልተናገረም። ልጆቹም አያውቁም። ጠዋት ቦርሳውን ይዞ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። በጥቅምት አንድ የንግድ ድርጅት 15 ሺህ ብር በእጁ በሚገባ ደመወዝ የሒሳብ ሠራተኛ ሊያደርገው ነበር፤ 'እኔ በዚህ ደመወዝ?' ብሎ ተወው። እኔ ደግሞ ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ በስልኬ ከወሰድኩት ብድር 18 ሺህ ብር ዕዳ አለብኝ፤ አንዱን ለመዝጋት ሌላውን እየወሰድኩ ነው። ይህን እሱ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ቤት ማስተዳደር ያቃተኝ እኔ እመስለኛለሁ። ልጆቹን ከትምህርት ቤታቸው ላስወጣቸው? ለእህቴ ልንገራት? ዕቁቡን ምን ላድርገው? የሰፈሩ ሰው ደግሞ ለገና ቅርጫ እየተመዘገበ ነው፤ እንግባ ወይስ እንቅር?

የሦስት ልጆች እናት፣ ከሰሚት፣ ኅዳር 2018"

መልስ

እህቴ፣

ወደ መጨረሻው ግድም ከጻፍሻት አረፍተ ነገር ልጀምር፤ ቤት ማስተዳደር ያቃተኝ እኔ እመስለኛለሁ ካልሽው። ለእኔ አልመሰለኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ ነዳጁም በዶላር የሚገዛ ነው፤ ነዳጅ ሲወደድ ደግሞ ከመቂና ከዝዋይ በጭነት መኪና የሚመጣው ሽንኩርትና ቲማቲምም አብሮ ይወደዳል። በመስከረም የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ሲሻሻል ትንሽ ተንፍሰሽ ይሆናል፤ ነገር ግን ጭማሪው የደረሰው ገበያው አስቀድሞ ከሮጠ በኋላ ነው። በዚህ ላይ የቤቱ ትልቁ ገቢ ከተቋረጠ የፈለገችው ባለሙያ ሴት ብትሆን በ13 ሺህ ብር አምስት ሰው ከወር ወር አታደርስም።

የባለቤትሽም ጉዳይ እንደዚያው ነው። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያግድ፣ ጤና ሚኒስቴር ብቻውን በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ባለሙያዎችን ውል አቋርጧል። በየድርጅቱ የነበሩት ሾፌሮች፣ ጸሐፊዎች፣ የሒሳብና የፕሮጀክት ሰዎች ሲጨመሩበት ስንት እንደሚሆን አንቺው ገምቺው። ይህን የማነሳው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። እንደ ባለቤትሽ ዓይነት የሥራ ልምድ ያለው ሰው ዛሬ በአዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ላይ ያለው በብዛት ነው፤ ይከፍሉ የነበሩት ድርጅቶች ደግሞ ወይ ተዘግተዋል ወይ ሠራተኛ ቀንሰዋል። ስለዚህ የ48 ሺህ ብሩ ሥራ በቅርብ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል ብላችሁ ኑሯችሁን ልክ እንደ ድሮው አድርጋችሁ መጠበቅ አትችሉም። እስካሁን ያደረጋችሁት ይህንኑ ነው፤ የጠበቃችሁት በቁጠባችሁ ነው።

አሁን እንደ ሒሳብ መምህርት አድርገሽ አስቢልኝ። አማትሽ ስለማያውቁ በየወሩ 3 ሺህ ብር ይላካል። ልጆቹ ስለማያውቁ ለሁለቱ ትንንሾች በየወሩ 9 ሺህ 500 ብር ይከፈላል። ሰው እንዳያውቅ፣ ወይም ካወቀ እንዳይንቀው ሲል ባለቤትሽ በየወሩ 15 ሺህ ብር የሚያስገባ ሥራ ትቷል። እስካሁን የቆጠርነው ብቻ በወር 27 ሺህ 500 ብር ሆነ፤ ከአንቺ ደመወዝ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ላይ የስልክ ብድሩ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ ባለቤትሽ በየቀኑ ከቤት ወጥቶ ሲውል ለታክሲና ለማኪያቶ የሚያወጣው አለ። እናንተ ቤት ከኪራይም ከትምህርት ቤትም የሚበልጠው ወጪ ገመና ለመሸፈን የሚወጣው ነው።

ነውር መስሎሽ አትሸማቀቂ። የእኛ ሰው "ገመናዬን ሸፍንልኝ" ብሎ የሚጸልይ ሰው ነው፤ ጸሎቱም ክፉ ጸሎት አይደለም። የጎረቤት ሁሉ ይወቀው፣ የሥራ ባልደረባ ሁሉ ይስማው አልልሽም። ማወቅ ያለባቸው ግን አሉ፤ የእናንተ ውሳኔ ገንዘባቸውን ወይም ሕይወታቸውን የሚነካ ሰዎች። እነሱም ባለቤትሽ (ስለ አንቺ ዕዳ)፣ ልጆቻችሁ፣ አማትሽ፣ እህትሽ እና የዕቁቡ ዋሳችሁ ናቸው። ከዚህ ውጭ ያለው ሰው ሲጠይቅ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይበቃዋል።

መጀመሪያ ያንቺው ዕዳ ይነገር። ደብዳቤሽን ስታነቢው እሱ ከእናቱ እንደደበቀ ጽፈሻል፤ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ አንቺም ከእሱ እንደደበቅሽ ጽፈሻል። እሱን "ለምን አትናገርም?" ለማለት አፍሽን የሚይዝሽ ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀመጡ። "አንተ ሥራ ከፈታህ ጀምሮ" ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አይሰማሽም። "የደበቅኩህ ነገር አለ፣ 18 ሺህ ብር ተበድሬያለሁ" ብለሽ ጀምሪና ዝም በይ። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። የተቆጣ ሰው ቢያንስ ወሬው ውስጥ ገብቷል፤ እስከ አሁን እኮ ከወሬው ውጭ ነበር።

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ፤ እስክሪብቶውን ግን ለእሱ ስጪው። ይህችን ነገር እንደ ቀላል አትያት። ባለቤትሽ የብዙ ሚሊዮን ብር በጀት ሲያዘጋጅ፣ ሲያስጸድቅና ሲያስመረምር የኖረ ሰው ነው። የራሱ ቤት በጀት የለውም። ሥራ የፈታ ባለሙያ ሚስቱ ፊት ተቀምጦ ወጪ ሲቆጠርበት ተከሳሽ ይሆናል፤ ራሱ ሲቆጥረው ግን ሙያው ላይ ነው። ገቢው ይጻፍ፣ ዕዳው ይጻፍ፣ እስከ ሰኔ ያሉት ወራት አንድ በአንድ ይደርደሩ። የማይቀረው የቱ ነው፣ የሚዘገየው የቱ ነው፣ የሚቆመው የቱ ነው ብሎ እሱ ይለይ። አንቺ ሒሳቡን አርሚለት፤ እሱንማ ታውቂበታለሽ።

ለምን እስከ ሰኔ አልኩ? በሰኔ ዕቁቡ ያልቃል፣ የትልቁ ልጅ ክፍያም ያበቃል። በወር 12 ሺህ ብር ከትከሻችሁ ይወርዳል ማለት ነው። እንግዲህ 65 ሺህ ብራችሁ ሰኔን ለመሻገሪያ የተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም።

ከዚያ ላይ የመጀመሪያው 18 ሺህ የስልኩን ብድር ይዝጋ፣ በማግስቱ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል፤ አንቺ ቸግሮሽ ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን የስልክ ብድር ክፍያ ትንሽ የሚመስለው አንዴ ወስደሽ አንዴ ከመለስሽ ነው። በየወሩ በሌላ ብድር ስትዘጊው የአገልግሎት ክፍያውን በየወሩ እንደ አዲስ ትከፍያለሽ፤ ዋናው ዕዳ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብሏል። ባንክ ውስጥ የራስሽ ብር እያለ መበደርሽም ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከባንኩ ብታወጪ እሱ ሊያውቅ ነው።

ስለ 15 ሺህ ብሩ ሥራ። ቦታው ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ደውሎ ይጠይቅ፣ ካልሆነም ሌላ ተመሳሳዩን ይፈልግ። "እኔ በዚህ ደመወዝ?" ማለቱን እንደ ትዕቢት አትውሰጂበት። ሰው በሙያው የተጠራበትን ዋጋ እንደ ራሱ ዋጋ ይቆጥረዋል፤ ሲወርድ ያንሰዋል። ግን አንድ ነገር ንገሪው፤ ከየካቲት ወዲህ ያለው ባዶ ጊዜ በሥራ ማስረጃው ላይ በረዘመ ቁጥር የሚቀጥለው ቀጣሪ የሚያቀርብለት ዋጋ ይብሱን ይቀንሳል። ሥራ ላይ ሆኖ የተሻለ ሥራ መፈለግ ካፌ ቁጭ ብሎ ከመፈለግ ይቀላል። ለትንንሽ ነጋዴዎች ማታ ማታ ሒሳብ መያዝም ይችላል፤ ግብር ማሳወቂያው ሲደርስ መዝገባቸውን የሚያስተካክልላቸው ሰው የሚፈልጉ ሱቆች በየሰፈሩ አሉ። ሥራው እስኪገኝ ጠዋት ጠዋት ቦርሳ ይዞ መውጣቱ ይብቃው። ትንሹን ልጅ ራሱ ያድርሰው፣ ራሱ ያምጣው፤ የሰርቪስ ክፍያ ካላችሁ እሱም ይቀራል።

አንቺስ? የሒሳብ መምህርት ነሽ። ሒሳብ ለ8ኛ እና ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሚያስጠና ሰው በአዲስ አበባ ፈላጊ አያጣም። በደብዳቤሽ ውስጥ ይህን አንድም ቦታ አላነሳሽም፤ ሰው ቤት ሄዶ ማስጠናት ከክብርሽ ዝቅ ያለ መስሎሽ ይሆን? ባለቤትሽን በ15 ሺህ ብር ሥራ ከምትወቅሺው በፊት ይህን ለራስሽ መልሺው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ የሁለት ልጆች ጥናት፣ ዋጋውን ባልደረቦችሽን ጠይቂ። የራስሽን ክፍል ተማሪዎች ግን በገንዘብ አታስጠኚ፤ ነገር ያመጣል።

ልጆቹን በተመለከተ ሁለቱን ትንንሾች አስወጪ፣ ትልቁን ተዪው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በፈተናው ዓመት አይነካም። የሁለቱ ግን ከየካቲት እስከ ሰኔ ላሉት አምስት ወራት ብቻ 47 ሺህ 500 ብር ነው፤ የስልኩን ዕዳ ከከፈልሽ በኋላ ከቀረሽ 47 ሺህ ብር ይበልጣል። ክርክር የለውም። እስከ ጥር ክፍያቸው ተጠናቆ የመጀመሪያውን መንፈቅ ይጨርሱ፤ ውዝፍ ካለባችሁ መሸኛ ለመውሰድ ስለሚያስቸግር አስቀድመሽ አጣሪ። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ያለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተሽ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሪ፤ በዓመቱ መሀል ቦታ መኖር አለመኖሩን ከአሁኑ ጠይቂ። ለአንድ ልጅ ብቻ ቦታ ከተገኘ ትንሹ ይቅደም። በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባ አለ፣ ደብተርና የደንብ ልብስም ከተማው ይሰጣል፤ ስለዚህ የምትተርፈው የወር ክፍያዋ ብቻ አይደለችም።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ፈገግ አሰኝቶኛል፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺ ራስሽ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነሽ። በየቀኑ የሰው ልጆች በሚማሩበት ዓይነት ቤት ያንቺ ልጆች ቢማሩ እንዴት ነው የሚያሳፍርሽ? ችግሩን ታውቂዋለሽ፤ ክፍሉ ይጨናነቃል፣ መምህር ይቀያየራል። ከብዙ ወላጅ የምትለዪው ግን ችግሩን ስለምታውቂው ማታ ቤት ውስጥ ልታሟዪው መቻልሽ ነው።

ልጆቹ አያውቁም ብለሻል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። የ12ኛ ክፍል ልጅ አባቱ የት እንደሚውል አያውቅም ብለሽ ነው? የማያውቀው፣ እሱ ማወቁን እናንተ ትፈልጉት እንደሆነ ነው፤ ስለዚህ እሱም እንደ እናንተው ይደብቃል። አባትየው ራሱ ይንገራቸው፣ አንቺ አጠገቡ ተቀመጪ። ለትልቁ ወረቀቱን አሳዩት፤ የእሱ ክፍያ እስከ ሰኔ የተያዘ መሆኑንም በቁጥር ይየው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ቤት ሲቸግር ትምህርቴን ትቼ ልሥራ ማለት ይጀምረዋል፤ ያ ሐሳብ ሥር ሳይሰድ ድርሻህ ፈተናው ነው በሉት። መካከለኛዋ ታለቅሳለች። ጓደኞቿን ልትለይ ነው፣ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ጓደኛ ማለት ሁሉም ነገር ነው። ታልቅስ። "ለትንሽ ጊዜ ነው" ብላችሁ እንዳታታልሏት ብቻ። ለትንሹ የሚነገረው ከየካቲት ጀምሮ አዲስ ትምህርት ቤት እንደሚሄድና አባቱ እንደሚያደርሰው ነው፤ እሱ ይበቃዋል።

አማትሽ ዘንድ ባለቤትሽ ራሱ ይሂድ። በስልክ አይሆንም። አድአ ደግሞ ከእናንተ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ለአንዲት እናት የልጇ ሥራ መፍታት የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ መስማት ግን የሚያዋርድ ነገር ነው። ከአሁን በኋላ በየወሩ 3 ሺህ ብር መላክ እንደማይችል፣ መድኃኒት ወይም ሌላ የግድ የሆነ ነገር ሲገጥማቸው ግን እንደሚደርስላቸው ይንገራቸው። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አማትሽ የሚኖሩት የአገሩ ሰው ሁሉ ነጭ ጤፉን በሚያወድሰው በአድአ ነው፤ አሁን ደግሞ ጤፍ የሚሰበሰብበትና የሚወቃበት ወቅት ነው። መሬት ካላቸው፣ በእኩልም ቢሆን ካሳረሱ፣ ወደ እሳቸው ብር እየላካችሁ እናንተ ጤፍ በአዲስ አበባ ዋጋ ትገዛላችሁ ማለት ነው? እናቶችን አውቃቸዋለሁ፤ ልጃቸው መቸገሩን ቢያውቁ ግማሽ ኩንታል አስጭነው ይልኩ ነበር። መሬት ባይኖራቸውም እንኳ በአውድማ ዋጋ የሚያስገዛላችሁ ሰው አያጡም።

እንጀራ ከሱቅ የምትገዢ ከሆነ ወደ ምጣድሽ ተመለሺ። የመብራት ታሪፍ ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ በየጊዜው እየጨመረ ስለሆነ ግን በየቀኑ አትጋግሪ፤ ምጣዱ ብዙ የሚበላው እስኪግል ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ ሙቀት ደህና አድርገሽ ጋግሪ። ማኛውን ተዪና ሰርገኛ ያዢ። ሽንኩርትና ዘይት ከእሑድ ገበያና ከሸማቾች ማኅበር ይገዛ። የቀረውን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ዕቁቡ ከሁሉም ይከብዳል። ዕጣው ሳይወጣላችሁ ቢሆን ኖሮ ዕጣችሁን ለሌላ ሽጡ ወይም ግማሹን ለሰው ስጡ እልሽ ነበር። የበላችሁት ዕቁብ ግን ዕዳ ነው፤ ያውም የወዳጅ ዕዳ፤ ከኋላ ዕጣቸው ያልደረሳቸው ሰዎች ገንዘብ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ለሰባት ወር 42 ሺህ ብር ይቀራችኋል። ሰው እዚህ ላይ የሚያጠፋው አንድ ጥፋት አለ፤ አንድ ወር ሳይጥል ይቀራል፣ በሁለተኛው ወር ስልኩን ይዘጋል፣ በሦስተኛው ዋሱ ቤቱ ይመጣል። ባለቤትሽ ሳያጓድል፣ ገና አሁን፣ መጀመሪያ ዋሱ ዘንድ ይሂድ። ከእሱ ጋር ሆነው ለዳኛውና ለጸሐፊው ያስረዱ። እስከ ሰኔ በየወሩ 3 ሺህ ልጣል፣ ቀሪውን 21 ሺህ ብር ከሐምሌ ጀምሬ ልክፈል ብሎ ይጠይቅ፤ የትልቁ ልጅ ክፍያ በሰኔ ስለሚያበቃ ከሐምሌ በኋላ ይችለዋል። ጉድለቱን ማን እንደሚሸፍን፣ መጨረሻ ዕጣ የሚደርሰው ሰው ይታገሥ እንደሆነ እነሱ ይነጋገሩበታል። ስምምነቱ በዕቁቡ መዝገብ ይጻፍ። እምቢ ካሉ ከቁጠባችሁ ይጣላል፣ ሌላው ይጠብባችኋል እንጂ ዕቁቡ አይጓደልም። ዋስ የሆነ ሰው ቤት ውስጥም ልጆች አሉ።

ዕድር ካላችሁ እሱን በምንም ምክንያት እንዳታቋርጡ። ክፍያው ትንሽ ነው፤ የሚያስፈልግበት ቀን ግን ቀጠሮ የለውም።

አከራያችሁ የጠየቁት ሕጉ አይፈቅድላቸውም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ በሚያሳውቀው መጠን ብቻ እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ መሆን አለበት። ውላችሁ ባለፈው ዓመት ከተመዘገበ ሁለት ዓመቱ ገና አልሞላም። አዋጅ ወረቀት ላይ ነው፣ አከራይ በር ላይ ናቸው ትይኛለሽ፤ እውነት ነው። ስለዚህ አዋጁን ይዘሽ አትፎክሪ። በሰላም አነጋግሪያቸው፣ "ውላችን እስኪያልቅ በዚሁ እንቀጥል፣ ኪራዩን ቀን ሳናሳልፍ በባንክ እናስገባለን" በያቸው። የእሳቸውም ኑሮ ተወዷል፤ በጊዜው የሚከፍል ተከራይ ግን ዋጋ አለው። ካልሰሙ ውሉን ወደ መዘገበው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ቤት ለመቀየር ግን አትቸኩዪ፤ ዛሬ አዲስ ቤት ብትይዙ በዛሬ ዋጋ ነው፣ የደላላና የዕቃ ማመላለሻም አለ።

ለእህትሽ ንገሪያት፤ ግን አትልቀሺባት። በስልክ የሰማችው ለቅሶ ሌሊት ከእሷ ጋር ያድራል፣ የምታዋየው ሰውም አጠገቧ የለ። "ይህን ያህል ገቢ አለን፣ ይህን ያህል ይጎድላል፣ እስከ ሰኔ የልጁን የ12ኛ ክፍል ክፍያ ብትችዪልኝ ሌላውን እኛ እንወጣዋለን" በያት። የምትልከው ምን ላይ እንደሚውልና መቼ እንደሚያበቃ ማወቅ አለባት። ካልቻለች አልቻለችም። የእሷም ዕድሜ ይሄዳል፤ ለራሷ የምታስቀምጠው ያስፈልጋታል።

ይህ ሁሉ ከሆነ የሁለታችሁ ደመወዝ 28 ሺህ ይሆናል፤ ኪራዩ ሲነሣ 12 ሺህ ይቀራል። እህትሽ የልጁን ክፍያ ከቻለች ይህ ለምግብ፣ ለመብራትና ለትራንስፖርት ነው፤ ካልቻለች ግማሹ ይሄድና የማስጠናቱ ገንዘብ የግድ ይሆናል። እስከ ጥር ድረስ ያለው የሁለቱ ትንንሾች የትምህርት ክፍያና የዕቁቡ ግማሽ ከቁጠባው ይወጣሉ፤ ሰኔ ላይ ትንሽ ተርፏችሁ ትደርሳላችሁ። ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ቢታመም ይናጋል። ባለቤትሽ ሥራውን በሁለት ወር ውስጥ ካላገኘ ደግሞ ወረቀቱን እንደገና አውጡትና የዕቁቡን ነገር እንደገና ተነጋገሩ።

አንድ ነገር ግን ከገንዘቡ በፊት እይልኝ። እንቅልፍ ካጣ፣ መጠጥ ከጀመረ፣ ከሰው ከራቀ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ "እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር" የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ቀልድ ነው ብለሽ አታሳልፊው። ብቻውን አትተዪው፣ በቀጥታ ጠይቂው፣ ጤና ጣቢያ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። ጸበልም ቢሆን፣ ንስሐ አባትም ቢሆኑ ከሐኪሙ ጋር አብረው ይሆናሉ፤ አይጣሉም።

የቅርጫው ጥያቄ ቀርቷል። ሙሉ መደብ አትግቡ። እንቅር ብላችሁ በዓሉን ልጆቹ ላይ አታጨልሙትም፤ እንደ እናንተ ግማሽ የሚፈልግ ጎረቤት አታጡም፣ አንድ መደብ ለሁለት ግቡ። ቀኑ ሳያልፍ ተመዝገቡ፤ ለመዝጋቢው ስትነግሪውም ለምን ግማሽ እንደሆነ ምክንያት መደርደር አይጠበቅብሽም።